የሐምሌ ፍራሽ ለመስከረም ተማሪ

በየክረምቱ የመምህራንና የሌላው መንግሥት ሠራተኛ ዝውውር ሲወጣ በደቡብ ጎንደር ከተሞች፣ በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ፣ በአርብ ገበያና በመካነ ኢየሱስ፣ የሚሆነው አንድ ነው። ዝውውር የደረሰው ሰው ቶሎ ሪፖርት አድርግ ይባላል። የሽቦ አልጋውን፣ ስፖንጅ ፍራሹን፣ ወንበሩን፣ ድስቱንና ጀሪካኑን ልጫን ቢል የአይሱዙው ክፍያ ከዕቃው ዋጋ ይበልጥበታል። ገዢውም ችኮላውን ያውቃልና በሩብ ዋጋ ይጠይቀዋል። ገሚሱን በዚያው ዋጋ ሸጦ፣ ገሚሱን ለአከራዩ ትቶ ይሄዳል። የተተወው ፍራሽ ጓሮ ይወጣና ዝናብ ያበሰብሰዋል።

መስከረም ሲጠባ ደግሞ ከገጠር ቀበሌ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የመጣ ልጅ ከአባቱ ጋር ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። አባት በግ ሸጦ የመጣ ነው። የቤት ኪራይ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም ከከፈለ በኋላ ለፍራሽ የሚተርፈው የለም። ልጁ ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ አጎዛ ወይም ማዳበሪያ አንጥፎ መሬት ላይ ይተኛል። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷን የጉና ተራራ አካባቢ ሰው ያውቀዋል። አርብ አርብ በእግሩ አገሩ ሄዶ በሶና ሽሮውን ተሸክሞ የሚመለስ ልጅ ሌሊቱንም ሲንቀጠቀጥ ካደረ ጠዋት ክፍል ውስጥ ምን ሊይዝ ይችላል? በእስቴና በስማዳ ወረዳዎች ሳስተምር የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ የሚያንቀላፉትን ልጆች ማደሪያቸው ድረስ ሄጄ አይቻለሁ። ስንፍና አልነበረም።

እንግዲህ ዕቃውም ፈላጊውም እዚያው ከተማ ውስጥ ናቸው። የሚለያያቸው የሁለት ወር ክረምት ብቻ ነው። እኔ የምለው በእነዚህ አራት ከተሞች በእያንዳንዳቸው ያገለገለ የቤት ዕቃ የሚቀበል፣ የሚያጸዳ፣ ክረምቱን የሚያቆይና በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጥ አንድ ሱቅ ይኑር ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነፋስ መውጫ ላይ ወደ መንገድ በር ያላትን የቤቴን ክፍል ለዚህ አውዬ፣ በትንሹም ቢሆን እየሠራሁበት ነው የምጽፈው።

አዲስ ዕቃ ግዛ ማለት ለዚያ አባት መልስ አይሆንም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ከመርካቶ የሚጫን ፍራሽና ብረት ድስት ይህን ጭማሪ ይዞ ይመጣል፤ በግጭት ምክንያት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል። የቻይና መንገድ በሚባለው ከወረታ ወልድያ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለችው ነፋስ መውጫ እንኳ እንዲህ ከሆነች፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ብላ ያለችውን ወገዳን ማሰብ ነው።

የአሮጌ ዕቃ ንግድ ለአገራችን አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ቁራሌው ከየሰፈሩ የሚሰበስበው ምናለሽ ተራ ደርሶ በርሜሉ ምድጃ፣ ቆርቆሮው ማንደጃ ሆኖ ይወጣል። በእኛም ከተሞች ልዋጭ የሚሉት አሮጌ ልብስ ተቀብለው ሳህንና ብርጭቆ ይሰጣሉ፤ ሳልባጅም በገበያ ቀን ይዘረጋል። የሌለን ቋሚ ቦታ ነው። ገዢው ነገ ተመልሶ «ይህ ነገር ተበላሽቷል» የሚልበት በር የለውም፤ ሻጩም ዕቃውን አምኖ የሚተውለት ሰው የለውም።

ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ምክንያቱም ዕቃውን ሁሉ መግዛት የለብንም። ተዛዋሪው መምህር በአደራ ይተወዋል፣ ዋጋውን አብረን እንተምናለን፣ ሲሸጥ ከአምስት ብር አንዱን ሱቁ ይይዝና ቀሪውን በቴሌብር ወይም በባንክ ይልክለታል። ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ በላይ አልተምንም። ከዚያ ካለፈ ገዢው ጥቂት ጨምሮ አዲሱን ይወስዳል፤ ትክክልም ነው።

ቶሎ የሚወጣው ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ክዳን ያለው ጀሪካን፣ ወፍራም ድስት፣ በርጩማ፣ ጀበናና ስኒ ነው። ትልልቁ ቡፌና ቁም ሳጥን ቦታ ይዞ ይከርማል፤ እሱን የሚፈልገው ሰው አሮጌ አይገዛም። የኤሌክትሪክ ምጣድ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። በዚህ ሥራ የሚሰማራ ሰው ዓይኑን በትናንሾቹ ዕቃዎች ላይ ይጣል። ትርፉም ያለው፣ የድሃውም ችግር ያለው እነሱ ላይ ነው።

ሰው የሚፈራው ሁለት ነገር ነው፦ ትኋንና የሟች ዕቃ። ለትኋኑ መድኃኒቱ ድካም ነው። አልጋው ተፈታትቶ መጋጠሚያው ሁሉ የፈላ ውሃ ይፈስበታል፣ የፍራሹ ልብስ ተገፎ ይቀቀላል፣ ስፖንጁ ብራ በሆነ ቀን ፀሐይ ላይ ይገላበጣል፤ እንዲያም ሆኖ ትኋን የታየበትን ፍራሽ አልቀበልም። ሁለተኛውን በተመለከተ፣ ዕቃው የማን እንደነበረ ለጠየቀ ሁሉ እውነቱን እናገራለሁ። «የእገሌ መምህር ነበር» ስላቸው ፊታቸው ይፈታል። የሟች ከሆነም ሟች ነው እላለሁ፤ የሚወስድ ይወስዳል፣ የማይፈልግም ሳይታለል ይሄዳል።

ከምንም በላይ የማስጠነቅቀው ስለ ጀሪካን ነው። ቱፎርዲም ሆነ ሌላ ፀረ አረም፣ ፀረ ተባይ የነበረበት ዕቃ ታጥቦ ለውሃ ወይም ለጠላ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ፕላስቲኩ መርዙን ይይዛል፤ በእንዶድም በሳሙናም አይለቅም። እንዲህ ያለውን ቀዶ ከአገልግሎት ማውጣት እንጂ መሸጥ ሰው መግደል ነው። ሽፋኑ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድም እንዲሁ አይሸጥም።

የተሰረቀ ዕቃ ጉዳይም አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 682 በወንጀል የተገኘ ዕቃ የሚገዛውንና የሚያስቀምጠውን ይቀጣል። ስለዚህ መዝገብ የግድ ነው፦ የሻጭ ስም፣ የቀበሌ መታወቂያ ቁጥር፣ የዕቃው ምልክት፣ ቀኑ፣ ፊርማው። ከልጅ እጅ ምንም አይገዛም። ቴሌቪዥንና የሶላር ዕቃ ያለ ምስክር አይገባም። የተሰረቀ ዕቃ ነገር ለኛ ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ሲገባ ሱቅና ጤና ተቋም ብቻ ሳይሆን የመኖሪያ ቤት ዕቃም ተዘርፏል። ሸሽቶ ሲመለስ ባዶ ቤት የጠበቀው ሰው የገዛ ድስቱን መደርደሪያዬ ላይ ቢያገኘው መዝገቡን ገልጬ ከማን እንደመጣ ማሳየት መቻል አለብኝ።

አንድ ነገር ደግሞ በፍጹም መሆን የለበትም፤ ሱቁ ዕቃ ይዞ ገንዘብ የሚያበድር አራጣ ቤት እንዳይሆን። በክፉ ዓመት የጋይንትና የስማዳ ገበሬ መጀመሪያ በጉን፣ ቀጥሎ በሬውን፣ በመጨረሻ የቤቱን ዕቃ ይዞ ገበያ ይወጣል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንትና የስማዳ ወረዳዎችን ያቀፈው፣ ቤተሰብ በረሃብ ጥሪቱን እንዳይሸጥ ጭምር ነው። ችግር አንቆት የመጣን ሰው ዕቃ በርካሽ የሚነጥቅ ሱቅ ያንን ያፈርሳል። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ገዝቼ ዕቃውን ለተወሰነ ጊዜ ሳልሸጥ አቆየዋለሁ፤ ከተመለሰ በሰጠሁት ዋጋ ይወስደዋል፤ ወለድ የለም።

ይህን ሥራ የሚንቅ ሰው አንድ ታሪክ ይስማ። ኦክስፋም የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ኦክስፎርድ ከተማ፣ ብሮድ ስትሪት ላይ ሰዎች የለገሱትን ያገለገለ ልብስና ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ከፈተ። ሱቆቹ እየበዙ ሄደው የድርጅቱ አንዱ የገቢ ምንጭ ሆኑ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ለአገራችን ከደረሱት አንዱ ይኸው ድርጅት ነው።

የወረዳዎቹ የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ለዚህ ሥራ ፈቃድ ሲጠየቁ እንደ ትልቅ ነጋዴ አያመላልሱን። መሥሪያ ቤቶችም በየግቢው ዝናብ የሚመታውን ወንበርና ጠረጴዛ በአንድ ጅምላ ጨረታ ለአንድ ባለገንዘብ ከመስጠት በትንሽ በትንሹ ከፍለው ያጫርቱት፤ ያኔ አንድ ወጣት መወዳደር ይችላል። ተዛዋሪ መምህራን ሆይ፣ የምትሄዱበትን ቀን እንዳወቃችሁ ለሚረከባችሁ ሰው ንገሩ፤ በመጨረሻዋ ምሽት አይሁን። ወገዳ፣ አርብ ገበያ ወይም መካነ ኢየሱስ ላይ ተመርቆ ሥራ ያጣ ወጣት ይህን ልሞክር ካለ ደግሞ ነፋስ መውጫ ሲያልፍ ጎራ ይበል፤ መዝገቡ እንዴት እንደሚያዝ፣ ፍራሹ እንዴት እንደሚጸዳ አሳየዋለሁ።