ዲስኩ ይቆይ፤ ካሴቱን አድኑ

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ከቶሮንቶ ሲመጣ ከሽቶውና ከቸኮሌቱ መሃል አንድ ዲስክ አውጥቶ ሰጠኝ። «ካሚንግ ቱ አሜሪካ»፣ ፎር ኬ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የኤዲ መርፊ አስቂኝ የፍቅር ፊልም በ2020 በከፍተኛ ጥራት ዲስክ እንደገና ለገበያ ቀርቧል። «ሠላሳ ጊዜ አይቼዋለሁ ትል የለ? አቦ፣ አላየኸውም! በፎር ኬ ካላየኸው አላየኸውም» አለኝ። አጎቱን «አንተ» ማለቱ የሚከነክነው አንባቢ ካለ ሐረርን አያውቃትም ማለት ነው። እኔን የከነከነኝ ሌላው ነው። «አላየኸውም» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ዲስኩን ቤቴ ባለው ዲቪዲ ማጫወቻ ውስጥ ከተትነው፤ አላወቀውም። ፎር ኬ ዲስክ የራሱን ማጫወቻ ይፈልጋል፤ ተራው የብሉሬይ ማጫወቻ እንኳን አያነበውም። ሁለት ቀን ስንጠያይቅ ከርመን በመጨረሻ የጎረቤት ልጅ ፕሌይስቴሽን 5 አለው ተባለ። ልጁን ከኳስ ጨዋታው አስነስተን፣ ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥናቸው ፊት ተደርድረን አየነው።

እውነቱን ልናገር፤ ያምራል። የዛሙንዳ ቤተ መንግሥት ወርቅ ወርቅ ይመስላል፤ የልዑሉ የልብስ ጥልፍ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የሳቅሁት ግን ድሮ በሳቅሁበት ቦታ ነው፤ አንድም አዲስ ሳቅ አልተጨመረልኝም። ልዑል አኪም ኩዊንስ ገብቶ፣ መጥረጊያ ይዞ ምግብ ቤት ሲጠርግና ደስ ሲለው፣ ያ ቀልድ ወንበር ላይ በደረቱ ለተኛ ሕፃን ሳይቀር ይገባል። ፒክስል አይጠይቅም።

ድሮ የት አየሁት? ከጁገል ግንብ ውጭ ከነበሩት ቪዲዮ ቤቶች በአንዱ ነው። አግዳሚ ወንበር፣ ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ። ካሴቱ የቅጂ ቅጂ ነው፤ የካሴት ቅጂ ደግሞ በተቀዳ ቁጥር ይደበዝዛል። እኛ ጋ ሲደርስ የኤዲ መርፊ ፊት አልፎ አልፎ አረንጓዴ ይሆን ነበር። ባለቤቱ ሠርጉ እንዳለቀ ካሴቱን ያቆመዋል፤ በር ላይ የሚጠብቅ ሌላ ዙር ተመልካች አለዋ! ስለዚህ እኛ የፊልሙን ማብቂያ፣ የተዋንያኑን ስም ዝርዝር አይተን አናውቅም። ፀጉር ቤቱ ውስጥ እየተቀመጠ የሚከራከረው ነጩ ሽማግሌ ራሱ ኤዲ መርፊ መሆኑን ሳላውቅ ነው ያደግሁት። በሪክ ቤከር ሜካፕ ተሸፍኖ ከአንድ በላይ ሰው ሆኖ እንደሚተውን የነገረኝ ከብዙ ዓመት በኋላ የገዛሁት ተራ ዲቪዲ ነው፤ ፊልሙ እስከ መጨረሻው ነበረበትና።

እንግዲህ ለእህቴ ልጅ የመጀመሪያው መልሴ ይኸው፦ አዎ፣ አላየሁትም ነበር። የጎደለኝ ግን ጥራት አልነበረም፤ መጨረሻው ነበር።

ሁለተኛው መልስ የሒሳብ ነው። ቪሲዲ 352 በ288 ነጥብ ነው። ዲቪዲ 720 በ576። ብሉሬይ 1920 በ1080። ፎር ኬ 3840 በ2160። ከቪሲዲ ወደ ዲቪዲ መሻገር ነጥቡን አራት እጥፍ ያደርገዋል፤ ከዲቪዲ ወደ ፎር ኬ ሃያ እጥፍ። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ዓይን ግን ወሰን አለው። በብዙ ቤታችን እንዳለው ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ከ3 ሜትር ርቀት ነደባ ላይ ጋደም ብሎ ለሚያይ ሰው፣ ጤነኛ ዓይን በስክሪኑ ወርድ ለይቶ የሚያየው 800 ነጥብ ገደማ ነው። ከዲቪዲ ጥቂት ይበልጣል፣ በቃ። የቀረውን የሚያየው ቴሌቪዥኑ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ሰፊ ስክሪን ያለው፣ ቀረብ ብሎ የሚቀመጥ፣ ማጫወቻውም ያለው ይግዛ፤ ቀለሙና ብርሃኑ ያስደስተዋል። ዲቪዲ ያለው ሰው ግን ለዚህ ብሎ ዶላር ማሳደድ የለበትም።

እዚህ ላይ «እሰይ፣ እኛስ ምን አልን!» የሚሉ ወገኖች ይነሳሉ። እነሱም አይስቁ። «የካሴቱ ጭረት ነው ለዛው፤ ያ ድብዝዝ ያለው ምስል ነው ትዝታችን» ይላሉ። እኔም ትዝታ አለኝ፤ ግን ጭረቱን የወደድነው ሌላ ስላልነበረን ነው። የተበላሸን ነገር እንደ ጌጥ ማየት፣ ዋናው የሆነ ቦታ ደህና ተቀምጦልናል ብሎ የሚተማመን ሰው ቅንጦት ነው። አሜሪካዊው ፊልም በ2020 ዳግም ሊጠራ የቻለው በ35 ሚሊሜትር ፊልም ስለተቀረጸና ያም ፊልም ስለተጠበቀ ነው። የእኛዎቹስ?

ነገሬ ያለው እዚህ ነው። ፖስተራቸው ላይ «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» የሚል የተጻፈባቸውን የእኛዎቹን አስቡ። በሚሊኒየሙ ሰሞን የወጣውን «የወንዶች ጉዳይ» አስቡ፤ ከእሱ በኋላ የመጡትን አስቡ። የዚያ ዘመን የአማርኛ ፊልሞች በአብዛኛው የተቀረጹት በቪዲዮ ካሜራ ነው። በቪዲዮ የተቀረጸ ነገር የተቀረጸበትን ያህል ነጥብ ብቻ ነው ያለው፤ ከውስጡ የሚወጣ የተደበቀ ጥራት የለም። ስለዚህ የድሮ ፊልም በኮምፒውተር ለጥጦ «ፎር ኬ» የሚል ታፔላ የሚለጥፍ ሰው ውሃ ጨምሮ ወተቱ በዛ እንደሚል ነጋዴ ነው። ፊቶቹ እንደ ሰም ይልሳሉ፤ ኮምፒውተሩ ያላየውን ይገምታል፤ እኛም ግምቱን «ጠራ» እንለዋለን።

ጥራት የሚጠበቅ እንጂ የሚጨመር አይደለም። ይህን ለማወቅ የሐረር ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ጁገል ውስጥ «ራምቦ ቤት» የምንለው አለ። ልጅ ሆነን የቪዲዮ ቤቱ ራምቦ፣ ባለ መትረየሱ፣ እዚያ የኖረ ይመስለን ነበር። ቤቱ የሚታወቀው በፈረንሳዊው ባለቅኔ በአርተር ራምቦ ስም ነው። ራምቦ ሐረር እየነገደ ሳለ ከፈረንሳይ ካሜራ አስመጥቶ በ1883 እ.ኤ.አ. ራሱን ፎቶ አነሳ፤ ለእናቱና ለእህቱም ላከ። በደብዳቤው ግን ይቅርታ ይጠይቃል፦ የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ በመሆኑ ፎቶዎቹ እየነጡ ነበር። ፎቶ በደንብ ካልታጠበ ኬሚካሉ ውስጡ ይቀርና ቀስ በቀስ ይበላዋል። ካሜራው ደህና ነበር፤ መልኩ እየጠፋ የሄደው ከተነሳ በኋላ ባለው አያያዝ ነው።

ፊልሞቻችን የሚሞቱት እንዲሁ ነው። ማስተር ካሴቱ ሻጋታ ይበላዋል። ሃርድ ዲስኩ አንድ ቀን አልነሳም ይላል። ሌላ ቅጂ ከሌለ የሚቀረን ዩቲዩብ ላይ የተጨመቀው ብቻ ነው፤ እሱም የጫነው ሰው እስካላነሳው ድረስ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ተመልከቱ። ኃይሌ ገሪማ ይህን ፊልም በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ቀርጾ ነው፤ ከዓመታት በኋላ የማርቲን ስኮርሴዚ ፋውንዴሽንና የቦሎኛው ሲኒማቴክ አደሱት። ሊታደስ የቻለው የሚታደስ ነገር ስለነበረ ነው።

«እሱማ ትልቅ ሥራ ነው፤ አስቂኝ የፍቅር ፊልምን ማዳን ግን ምን ይረባል?» የሚል ምሁር አውቃለሁ፤ አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው። ከሁሉም በላይ የምጣላው ከእሱ ጋር ነው። ፊልም ሠሪዎቻችን ስቱዲዮ የሚያቆሙበት ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ ፍቅረኛሞቹ የሚቀጣጠሩት እውነተኛ ካፌ ውስጥ ነው፤ የሚጣሉት እውነተኛ ታክሲ ውስጥ፤ የሚታረቁት እውነተኛ አስፋልት ዳር። ከኋላቸው የምታልፈው ጥቁር ዣንጥላ የያዘች ሴትዮ ተዋናይ አይደለችም። በሩ ላይ የተጻፈው የማኪያቶ ዋጋ የዚያ ቀን ዋጋ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በብዛት ስትፈርስ፣ ያደጉባት ሰዎች መንገዶቿን ፍለጋ ወደ አልበማቸው ሮጠዋል። አንዳንዱ መንገድ ግን አልበም ውስጥ የለም፤ አንድ ወንድ አበባ ይዞ ሲሮጥና ሲወድቅ ከጀርባው ነው ያለው። ታላላቆቹ ፊልሞች ታሪካችንን ይነግሩን ይሆናል። ማክሰኞ ከሰዓት ምን ትመስል እንደነበር የሚነግሩን ግን እነዚህ የተናቁት ናቸው።

እንግዲህ ጥራት የሚያስፈልገው ለጀርባው ነው። ሳቁ በቪሲዲም ይደርሳል፤ የዣንጥላዋን ሴትዮ ፊት ግን የሚያሳየን የመጀመሪያው ካሴት ብቻ ነው። ያ ካሴት ፎር ኬ አይደለም፤ ግን ዩቲዩብ ላይ ካለው ይሻላል፤ ከእሱ የተሻለም መቼም አይመጣም።

ስለዚህ የምለው ግልጽ ነው። ፕሮዲውሰሮች ሆይ፣ ከመለጠጣችሁ በፊት ማስተሩን ፈልጉ። ሳትነካኩት ገልብጡት፤ ሁለት ቅጂ አድርጋችሁ በሁለት የተለያየ ቤት አስቀምጡ። ሦስተኛውን ለቤተ መዛግብት ስጡ። የስሙን ዝርዝር አትቁረጡ፤ መብራት የያዘው ልጅ ስም እዚያ ነው ያለው። ተመልካቾች ሆይ፣ «ፎር ኬ» የሚለውን ስታዩ «ከየት ተቀዳ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሐረርም የራሷ ሥራ አለባት። ድሮ ካሴት ያከራይ የነበረ አንድ ሰው ቤት ባለፈው ወር ሄጄ ነበር። ሱቁን ከዘጋ ቆይቷል፤ ካሴቶቹ ግን አልጋ ሥር በሦስት ካርቶን አሉ፤ ብዙው የአማርኛ ነው። አንዱን ከፈትኩት፤ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ጀምሮታል። «ውሰደው፤ ዴክ ካለህ» አለኝ። የለኝም። ከተማው ውስጥ ጠየቅሁ፤ ያለው ሁሉ የተበላሸ ነው።

የእህቴ ልጅ ሊመለስ ሲል «በሚቀጥለው ምን ላምጣልህ? ሌላ ፎር ኬ?» አለኝ። «አይ፣» አልኩት፣ «እዚያ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ አይጠፋም። የሚሠራ የቪኤችኤስ ዴክ አምጣልኝ።» ሳቀብኝ። ይሳቅ፤ ዴኩን ብቻ ያምጣ። ሻጋታው ክረምቱን አይጠብቀንም።