ሥራ ላይ ያለው ሰው ይሣል

ሥዕል የሚገባው ለማን ነው? ይህ ጥያቄ ሲቀርብለት ለቅዱሳን፥ ለነገሥታትና ለጀግኖች ነው ብሎ የሚመልስ ብዙ ነው። መልሱ የሚነቀፍ አይደለም። የአብያተ ክርስቲያናታችን ግድግዳ በቅዱሳን ገድል ያጌጠ ነው፤ በ1888 ዓ.ም. የተገኘው የዓድዋ ድልም በሸራ ላይ ተደጋግሞ ተሥሏል። ይሁን እንጂ ለእነዚህ ብቻ ነው መባሉን እኔ በበኩሌ አልቀበለውም። እንጀራ የምትጋግር እናት፥ ሊስትሮው ልጅ፥ በሬ የሚጠምድ ገበሬ፥ ሳይዘጋጁና ሳይቆሙልን፥ በሥራቸው ላይ እንዳሉ ሊሣሉ ይገባል እላለሁ።

ለዚህ አሳብ ሁለት ተቃውሞ ይቀርብበታል።

የመጀመሪያው ከጥንቱ ልማዳችን የሚመጣ ነው። በቤተ ክርስቲያን አሣሣላችን ደግ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አቅንቶ በሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው ግን ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። ሥራ የያዘ ሰው ደግሞ ዓይኑ በእጁ ላይ ነው እንጂ በእኛ ላይ አይደለም። እንዳለ ከተሣለ ፊቱ ወደ ጎን ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው። ታዲያ ይህ ክብሩን መቀነስ ነውን? አይደለም። ቅዱሱ ወደ እኛ የሚመለከተው በፊቱ ቆመን ስለምንለምነው ነው፤ ሠራተኛው ወደ ምጣዱና ወደ እርፉ የሚመለከተው ግን የብዙ ሰው እንጀራ ከዚያ ስለሚወጣ ነው። ፊቱን ማዞሩ ትጋት እንጂ ክፋት አይደለም።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዣን ፍራንሷ ሚሌ በ1857 እ.ኤ.አ. ቃርሚያ የሚለቅሙ ሦስት ሴቶችን ሥሎ ለሕዝብ አሳየ። ሁለቱ እስከ መሬት አጎንብሰዋል፤ ሦስተኛይቱ ቀና ለማለት የጀመረች ትመስላለች። የአንዳቸውም ፊት በደንብ አይለይም። ከበስተኋላቸው፥ በሩቁ፥ የሌላ ሰው የእህል ክምር ይታያል። በዘመኑ ብዙ ባለጠጎች ሥዕሉን አልወደዱትም፤ ዛሬ ግን በፓሪስ በኦርሴ ሙዚየም በክብር ተሰቅሏል። የጎበጠ ወገባቸውን አይቶ ድካማቸው የማይሰማው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ድህነታችንን ለባዕድ ማሳየት ነው» የሚል ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች እርሻውን፥ አደኑንና ግብሩን በጨርቅ ላይ እየሣሉ ለውጭ አገር ሰዎች ይሸጡ ነበር፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ ዛሬ በውጭ አገር ሙዚየሞች ይገኛሉ። እንግዲህ የሚያሳዝነው ተራው ሰው መሣሉ ሳይሆን፥ የእርሱ ወገኖች ሥዕሉን ሳያዩት መቅረታቸው ነው። እንዲታዘንልን ብሎ ቡትቶውን ብቻ መርጦ የሚሥል ቢገኝ እርሱን እኔም እነቅፈዋለሁ። ሥራውን የሚሥል ግን ሰውየውን ያከብራል።

ስለዚህ ሥዕል የምንሞክር ተማሪዎች በመጪው ክረምት እርሳስና ወረቀት ይዘን ከየሠፈራችን እንጀምር። የሣልነው ሰው ሥራውን ሲጨርስ ሥዕሉን ከሁሉ አስቀድሞ እርሱ ይየው። ካልወደደው እንተወው፤ ከፈቀደ ግን በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ እንስቀለው።

እናቶች ሆይ፥ ልጃችሁ ወረቀት ይዞ ከምድጃው አጠገብ ቢቀመጥ «ቆይ፥ ነጠላዬን ልለውጥ» አትበሉት። ጋገራችሁን ቀጥሉ።