የሚከሰስ ንጉሥ

ካምፓላ፣ ናሙዎንጎ ሰፈር ውስጥ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ አሜሪካ የአንድ ሰው ግቢ ናት። «ባይደን ይወደን ነበር፣ ትራምፕ ይጠላናል» ይባልና ነገሩ እዚያው ያልቃል። ይህን የሚሉት ሥራ ፈትተው ፖለቲካ የሚያወሩ ሰዎች አይደሉም። ወደ ሦስተኛ አገር የመሻገር ኬዛቸው ለዓመታት የተንጠለጠለባቸው፣ የልጆቻቸውን ትምህርትና የቤት ኪራያቸውን ከዋሽንግተን በሚመጣ ወሬ የሚወስኑ ስደተኛ ወገኖቼ ናቸው። ልማዱ የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው።

ከየት እንደመጣ ይገባኛል። መንግሥት ማለት ቤተ መንግሥት ሆኖ ነው ያደግነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ ያደገ ሰው ዋይት ሐውስንም በዚያው ዓይን ቢያይ አይገርምም። አሜሪካ ውስጥ ግን ንጉሡ ይከሰሳል፤ ያውም በእኛው ጉዳይ ተከሷል።

ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ቀን፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025፣ የስደተኞች ቅበላ እንዲቆም ትእዛዝ ፈረሙ። ፌብሩዋሪ 25 ቀን ሲያትል የሚያስችሉት የፌዴራል ዳኛ ጀማል ዋይትሄድ አፈጻጸሙን አገዱ፤ የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ሰፊ ቢሆንም ኮንግረስ ያቋቋመውን ፕሮግራም እንዳልነበረ ማድረግ አይችልም ብለው። በወሩ፣ ማርች 25፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የዳኛውን እገዳ በአብዛኛው አነሳው። ከጃንዋሪ 20 በፊት ቅድመ ሁኔታዊ ፈቃድ ላገኙት ግን በር ተወ፤ በአፕሪል ያንኑ በር የጉዞ ዝግጅታቸው ላለቀ ሰዎች ብቻ አጠበበው። እንግዲህ በዚያ ሰሞን «ተከፈተ» ያለውም «ተዘጋ» ያለውም ሰው ለጎረቤቱ ምንም አልነገረውም። ሊነገረው የሚገባው ፋይሉ ጃንዋሪ 20 ቀን የት ደርሶ እንደነበር ነው።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ካርተር በ1980 የፈረሙት የስደተኞች ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት ፕሬዚዳንቱ ኦክቶበር 1 ከሚጀምረው የበጀት ዓመት በፊት ኮንግረስን አማክረው የዓመቱን ጣሪያ ይወስናሉ። ጣሪያ ነው እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም። በ2021 ትራምፕ የተዉትን የ15,000 ጣሪያ ባይደን በሜይ ወደ 62,500 አሳደጉት። በዚያ የበጀት ዓመት የገቡት ግን 11,400 ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ከትራምፕ ጣሪያ እንኳ በታች! ወረርሽኙ ጉዞን አስሮ ነበር፤ በጀት ሲቆረጥ የተቀባይ ድርጅቶች ቢሮዎች ተዘግተው፣ የለመዱ ሠራተኞች ተበትነው ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት በፊርማ ይፈርሳል፣ በፊርማ ግን አይሠራም። ቅበላው 100,000 የደረሰው በ2024 ነው።

«ታዲያ ሰውየው ራሱ አይደለም ወይ የወሰነው?» የሚለኝ አለ፤ ልክ ነው። ለ2026 ጣሪያው ከ125,000 ወደ 7,500 ወርዷል፤ እሱም በአብዛኛው ለደቡብ አፍሪካ ነጮች ተመድቧል። ይህን በደል አላቃልለውም። ነገር ግን ብዕሩን የሰጠው ኮንግረስ ነው፤ ሊያሳጥረው የሚችለውም እሱ ነው። ትራምፕን መራገም ብቻ ለያዘ ሰው የኮንግረስ ድርሻ አይታየውም።

ኮንግረስን ያየን ጊዜም ቢሆን ግማሹን ነው ያየነው። በኦክቶበር 2007 ስለ ኢትዮጵያ የቀረበው ረቂቅ ሕግ ኤች አር 2003 በተወካዮች ምክር ቤት ሲያልፍ ሕግ የወጣ ያህል ተጨፈረ፤ ሴኔቱ ግን ሳያጸድቀው ሞተ። በአፕሪል 2018 ያለፈው፣ እሱም ስለ ኢትዮጵያ የነበረው ኤች ሬስ 128 ደግሞ ከመነሻውም የአንድ ምክር ቤት አቋም መግለጫ እንጂ ማንንም የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም።

ያለማወቃችንን ዋጋ የሚሰበስበው ደላላው ነው። «ተከፈተ» የሚል ወሬ እንደተናፈሰ ደጃችን የሚደርሰው እሱ ነው፤ ዋይት ሐውስ ዘመድ እንዳለው ሁሉ «ስምህን ላስገባልህ» ይላል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ለሦስተኛ አገር ኬዝ ከማንም ሳንቲም አይጠይቅም። የዓመቱ ጣሪያም በአሜሪካ መንግሥት ጋዜጣ በይፋ የሚታተም ቁጥር ነው፤ ካምፓላ ያለ ደላላ ስም የሚያስገባበት ቀዳዳ የለውም። ይህን የማያውቅ አባት ግን ለልጁ ትምህርት ቤት የያዘውን ሽልንግ ቆጥሮ ይሰጠዋል።