ቤት የሚፈርሰው ከእግሩ ነው

ሰሞኑን ዴም ቡና ላይ ስንገናኝ ወሬው ሁሉ የጉልላት ቤት ሆኗል። «ግድግዳና ጣሪያው አንድ ነው፣ አይፈርስም» ይባላል። እኛ ነጋዴዎች ግን ዕቃ ሳናገላብጥ አንገዛም።

ጥሩ ጎን አለው። ጉልላት ክብደቱን ዙሪያውን ወደ መሬት ያወርዳል፤ ሀቡቡ ተንሸራቶበት ያልፋል፤ በጭቃ ጡብ ከተሠራ ምስጥ የሚበላው የጣሪያ እንጨት የለውም።

ካርቱም ላይ ግን ጠላታችን ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ዝናቡ፣ በ2020 ደግሞ ዓባይ ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ሞልቶ ሲመጣ፣ የጃሉስ ቤቶች የተናዱት ከእግራቸው ነው። በርበሬና ቡናችንን ከውሃ ውስጥ ያወጣን እናውቀዋለን። ጉልላት ደግሞ ግርጌውን ወደ ውጭ ስለሚገፋ፣ እግሩ ከሟሟ አናቱ ይከተላል።

በአገራችንም ክብ ቤት አዲስ አይደለም። ዶርዜዎች የቀርከሃ ቤታቸውን ግርጌ ምስጥ ሲበላው ቆርጠው ዝቅ ያደርጉታል፤ ሲያስፈልግም ተሸክመው ያዛውሩታል። አፋሮች የሰሌን ቤታቸውን ነቅለው በግመል ይጭናሉ። እነዚህ ቤቶች የሚያገለግሉት ስለሚጠገኑና ስለሚነሱ እንጂ ክብ ስለሆኑ ብቻ አይደለም።

ካርቶንና ጆንያ የምንደረድር ሰዎች ደግሞ ክብ ግድግዳ ቦታ ይበላብናል።

ስለዚህ እህት ወንድሞቻችን፣ የምትሠሩ ከሆነ የመጀመሪያው ገንዘብ ከመንገዱ ከፍ ላለ የድንጋይ ወይም የተቃጠለ ጡብ መሠረት ይውጣ። የምትከራዩም ከኪራዩ በፊት «በጎርፉ ጊዜ ውሃው እስከ የት ደረሰ?» ብላችሁ ጎረቤት ጠይቁ። የጣሪያው ቅርጽ ከዚያ በኋላ ይመጣል።