ደጉ ሐኪምና ባንዲራው

«ጥሩ ሰው ነበር» የሚለው መከራከሪያ ሰልችቶኛል። የጉስታቭ ናህቲጋል ስም በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ይሄ ነው። ጀርመናዊ ወታደራዊ ሐኪም ነበር፤ ሳንባውን ሲታመም ሞቃት አየር ፍለጋ ወደ ሰሜን አፍሪካ ተሻገረ፤ ቱኒዝ ላይ በሕክምና ሠራ፤ ከዚያ ሰሃራን አቋርጦ እስከ ቻድ ሐይቅና ዳርፉር ዘለቀ። የባሪያ ንግድን አወገዘ፤ ስላያቸው ሕዝቦችም ከብዙ የዘመኑ ተጓዦች በተሻለ አክብሮት ጻፈ። እሺ፣ ሁሉንም እቀበላለሁ። ታዲያ በ1884 (እ.ኤ.አ.) በጦር መርከብ መጥቶ ካሜሩን ላይ የጀርመንን ባንዲራ የሰቀለው ማን ነው?

ያው ሰውዬ ነው።

«ሳይንቲስቱንና ሹሙን ለይታችሁ እዩ» ይሉናል። እስቲ እንሞክር። ናህቲጋል በ1869 ከትሪፖሊ የተነሳው ከፕሩሲያው ንጉሥ ለቦርኑው ሼህ ኡመር የተላከ ስጦታ ይዞ ነው። ስጦታ የሚላከው ደግሞ ለታወቀ መንግሥት ነው። የሄደበትም መንገድ ነጋዴዎች ለዘመናት የተመላለሱበት የግመል መንገድ ነው። «አገኘ» የሚባለውን ሁሉ ያገኘው ቀድመው የሚያውቁት ሰዎች እየመሩት ነው። እኛም «አሳሽ» እያልን በትምህርት ቤት ተምረናል። ግን ወታደር መንደር ለመንደር ሲፈትሽስ ምን እንላለን? «አሰሳ»። ቋንቋችን ሳያስበው እውነቱን ተናግሯል።

በዚያው ዓመት ቲቤስቲ ተራሮች ውስጥ ሲገባ የቴዳ ሰዎች አላመኑትም። ባርዳይ ላይ አንድ ወር ገደማ እንደ እስረኛ ቆይቶ በሌሊት አምልጦ ወጣ። ይሄ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የእሱን ጀግንነትና የእነሱን አረመኔነት ለማሳየት ነው። ሸቀጥ የሌለውን፣ ዘመድ የሌለውን፣ ያየውን ሁሉ የሚጽፍ እንግዳ መጠርጠር ምኑ ነው አረመኔነት? ቦርኑ ግን በክብር አስተናገደችው። ቀደም ሲል ኤድዋርድ ፎግል የተባለ ጀርመናዊ የተገደለባት ዋዳይ እንኳ በንጉሥ አሊ ዘመን በሰላም ተቀበለችው። አምስት ዓመት ከመንፈቅ በሕይወት የቆየው በእነዚህ ሰዎች እንግዳ ተቀባይነት ነው።

«አፍሪካን የሚያውቅ» የሚል ስም ያተረፈውም እዚያ ነው። ቢስማርክ በ1884 የንጉሠ ነገሥቱ ልዩ መልእክተኛ አድርጎ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሲልከው ይሄ ስም አብሮት ተሳፍሯል። ጁላይ 5 ቶጎ ላይ የጥበቃ ውል አስፈረመ። ጁላይ 14 ዱዋላ ላይ ባንዲራውን ሰቀለ። የእንግሊዙ ቆንስል ሂዊት በአምስት ቀን ዘግይቶ ደረሰ። ሁለት አገር የቆሙ መርከቦች ሲሽቀዳደሙ የአካባቢው ሰው ዕጣ በቀናት ልዩነት ተወሰነ ማለት ነው።

በሶፍትዌር ሙያ ውስጥ «እኔ ዳታ ብቻ ነው የምሰበስበው» የሚል ሰው ሞልቷል። አብዛኛው ደግ ልጅ ነው። ደግነቱ ግን ዳታው ማን እጅ እንደሚገባ አይወስንም። ናህቲጋል ላይ የምከራከረውም ለዚህ ነው፤ የሞተ ሰው ለመውቀስ አይደለም።

«መጨረሻውን አላወቀም» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ በ1885 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከብ ላይ ሞተ። የጦር መርከብ ለምን እንደሚላክ ግን ያውቅ ነበር። የዱዋላ ነገሥታትም ሞኞች አልነበሩም፤ ያረሱት መሬትና ከተሞቻቸው የራሳቸው ሆነው እንዲቀሩ አስይዘዋል። ጀርመኖች በኋላ ሕዝቡን ከወንዝ ዳር መሬቱ ሊያፈናቅሉ ሲነሱ፣ ከፈራሚዎቹ የአንዱ የልጅ ልጅ ሩዶልፍ ዱዋላ ማንጋ ቤል ያንኑ ውል ጠቅሶ ተሟገተ። ኦገስት 8 ቀን 1914 በስቅላት ገደሉት። ውሉ ይከበር ስላለ!

በርሊን ውስጥ በናህቲጋል ስም የሚጠራ አደባባይ ነበር። በዲሴምበር 2022 «ማንጋ ቤል አደባባይ» ተባለ። ታሪክ ጠፋ ብለው የሚያዝኑ አሉ። የቱ ታሪክ? የናህቲጋል መጻሕፍት ዛሬም ይነበባሉ፤ ማንም አላቃጠላቸውም። የተቀየረው ከውሉ ሁለት ወገኖች መካከል ማንን እንደምናከብር ነው። እኔ ቃሉ እንዲጠበቅ የጠየቀውን መርጫለሁ።