ጭፈራ ቤት ሲዘጋ ምን አብሮ ይዘጋል?

«ጭፈራ ቤት የዱርዬ ቦታ ነው» ለምትሉን ሁሉ፣ እስቲ የኒውዮርኩን ሳቮይ ላስታውሳችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1926 ሃርለም ውስጥ የተከፈተ የዳንስ አዳራሽ ነው። እዚያው ሰፈር የነበረው ኮተን ክለብ ጥቁሮችን መድረክ ላይ እያስጨፈረ በደንበኝነት የሚያስተናግደው ነጮችን ነበር። ሳቮይ ግን ጥቁርና ነጭ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይጨፍሩ ነበር። ሊንዲ ሆፕ የሚባለው የስዊንግ ጭፈራ ያደገው እዚያ ወለል ላይ ነው።

በ1943 «ለሥነ ምግባር» ተብሎ ለወራት ታሸገ። ብዙ የሃርለም ሰው ግን ጥፋቱ ጥቁርና ነጭ አብሮ መጨፈሩ እንደሆነ ገብቶት ነበር። በ1958 ጨርሶ ተዘጋ፤ ፈርሶም መኖሪያ ቤት ተሠራበት።

የሳቮይ ኮከብ የነበረው ፍራንኪ ማኒንግ፣ ስዊንግ ከፋሽን ሲወጣ ሰላሳ ዓመት ገደማ ፖስታ ቤት ሠራ። በ1980ዎቹ ወጣቶች ፈልገው ባያስተምራቸው ኖሮ የሚያውቀው ሁሉ አብሮት በተቀበረ ነበር።

እኛም ይህንን አናጣውም። የደርግ ሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን ሌሊት ለዓመታት ቆልፎብናል። የዚያ ዘመን ዘፈን በሸክላና በካሴት ተርፎልናል፤ የጨፋሪው እግር ግን በካሴት አይቀዳም።

ስለዚህ ስካሩንና ድብድቡን ተቆጣጠሩ። ወለሉን ግን ተዉልን!