የእርከኑን ወጪ ማን ይጋራ?



ወጪ መጋራት ሲባል አብዛኛው አንባቢ የሚያስታውሰው የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ከደመወዛቸው የሚቆረጥባቸውን ክፍያ ቢሆንም፣ በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራም ይኸው አሠራር አለ፤ ገበሬው ወይም ከብት አርቢው በይዞታው ላይ እርከን ሲሠራ፣ ቦረቦር ሲያክም ወይም ግጦሹን ሲከልል የሚወጣውን ጉልበትና ገንዘብ ከፊሉን ራሱ ሲሸፍን፣ ቀሪውን መንግሥት ወይም ከሥራው የሚጠቀም ሌላ ወገን የሚከፍልበት ሥርዓት ነው። በጋሞ ዞን ይህ ሥርዓት በስሙ ባይጠራም በተግባር ሲሠራበት ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ጉድለቱ ድርሻው ሲደለደል ማን እንደሚደክምና ማን እንደሚጠቀም አለመገናዘቡ ነው።

ከጨንቻ ደጋ እስከ አባያ ሐይቅ ዳርቻ ያለው የከፍታ ልዩነት 1,500 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ገብስና እንሰት ከሚበቅልበት ብርዳም አገር ወደ ሞቃቱና ደረቁ የስምጥ ሸለቆ ወለል ይወረዳል። በቆላው የሚተነው ውሃ ከሚዘንበው እጅግ ስለሚበልጥ፣ የአዲስ አበባን ገበያ የሚመግበው የአርባ ምንጭ ሙዝ በአብዛኛው የሚለማው ከደጋው በሚወርዱ ወንዞች መስኖ ነው። የቆላ ሻራ፣ የጫኖ ዶርጋና የጫኖ ሚሌ ገበሬዎች የሚተማመኑበት የሐሬ ወንዝ ከደጋው ተነሥቶ አባያ ሲገባ፣ ኩልፎ ደግሞ በአርባ ምንጭ ከተማ አልፎ ወደ ጫሞ ይዘልቃል። ወንዞቹ ውሃውን ብቻ ይዘው አይወርዱም፤ የአባያን ውሃ ያቀላው ከተራቆቱ ተዳፋቶች የሚታጠበው አፈር ነው፤ ይኸው ደለል የመስኖ ቦዮችን እየሞላ የሙዝ አምራቹን በየጊዜው ለጠረጋ ያስወጣዋል። እንግዲህ የቆላው ገበሬ ለደጋው መራቆት ዛሬም እየከፈለ ነው፤ ነገር ግን ክፍያው የሚውለው ጉዳቱን ለመጥረግ እንጂ ከምንጩ ለማስቀረት አይደለም።

አሁን ያለው ድልድል ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በየዓመቱ በበጋ ወራት በሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ንቅናቄ ነዋሪው የሚያዋጣው ነፃ ጉልበት ነው። ተፋሰስ ማለት የዝናብ ውሃው ወደ አንድ መውጫ የሚሰበሰብ መሬት ሁሉ ሲሆን፣ በንቅናቄው መንግሥት ባለሙያና አንዳንድ መሣሪያ ሲያቀርብ ገበሬው ቀኑን ይሰጣል። ሁለተኛው በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት ሲሆን፣ በተደጋጋሚ የምግብ እጥረት የሚደርስበት ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ ላይ ተሰማርቶ እህል ወይም ገንዘብ ያገኝበታል። ሴፍቲኔቱ ለረሃብ መከላከያ የታሰበ ነውና ገንዘቡ የተራበውን ቤተሰብ ተከትሎ መሄዱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም የተራበው ቤተሰብ ያለበት ቦታና ደለሉ የሚነሣበት ተዳፋት ሁልጊዜ አንድ አይሆኑም። የንቅናቄው ስኬት ደግሞ በአብዛኛው የሚነገረው በተሠራ ኪሎ ሜትርና በተተከለ ችግኝ ብዛት እንጂ፣ ከሁለት ክረምት በኋላ ቆሞ በተገኘው እርከን አይደለም።

የደጋው ገበሬ የሚከፍለው ቀን በመዝገብ ላይ ሊሰፍር ይችላል፤ የቀረው ወጪው ግን አይታይም። በቁልቁለት ላይ እርከኖች ተቀራርበው ስለሚሠሩ ቀድሞውንም ጠባብ ከሆነው ማሳ ቀላል የማይባል መሬት ይወስዳሉ፤ እርከኑ አፈር ይዞ እስኪደላደል ድረስም ምርቱ ሊቀንስ ይችላል። ግጦሽ ሲከለል የከብት መኖ ያጥራል፤ ከብት ሲቀንስ ፍግ ይቀንሳል፤ እንሰት ደግሞ ያለ ፍግ አይሆንለትም። በዚህ ላይ ከዶርዜና ከአካባቢው ብዙ ወጣቶች ለሽመና ወደ አዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ስለሚሄዱ፣ እርከን የሚጠግነው ጉልበት በቤት ውስጥ የለም። ይህ ሁሉ ባለበት ሕጉ ያወራ የነበረው ስለ ግዴታ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 የተተካው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነውም ለዓመታዊ ሰብል የሚታረሰው ጠረጴዛማ እርከን ሲሠራለት ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ትእዛዙ ትክክለኛ ነበር፤ ወጪውን ግን ያሸከመው ባለይዞታውን ነበር።

ሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ በተለያየ መንገድ መልሶታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የእርሻ ሕግ የተቋቋመው የአካባቢ ጥራት ማበረታቻ ፕሮግራም ለአርሶ አደሩና ለከብት አርቢው የጥበቃውን ሥራ ወጪ እስከ 75 በመቶ፣ ለጀማሪና አቅመ ደካማ አምራቾች እስከ 90 በመቶ ይሸፍናል፤ ድርሻው በአቅም እንዲለያይ መደረጉ ልብ ሊባል ይገባዋል። ለጋሞ የሚቀርበው ግን የኬንያው ምሳሌ ነው፤ እንደ አባያ ሁሉ በስምጥ ሸለቆ በሚገኘው በናይቫሻ ሐይቅ ዙሪያ በታች በኩል ያሉ የውሃ ተጠቃሚዎች በላይኛው ተፋሰስ አፈራቸውን ለሚጠብቁ አነስተኛ ገበሬዎች ክፍያ የፈጸሙበት አሠራር ተሞክሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የተመሠረተው የላይኛው ታና–ናይሮቢ የውሃ ፈንድም የናይሮቢን ውሃ ከላይኞቹ ገበሬዎች ማሳ ጋር አስተሳስሯል።

ስለዚህ በዞኑ ለጥበቃ የሚመደበው ገንዘብ ለየወረዳው በእኩል ወይም በቆዳ ስፋት ከመከፋፈል ይልቅ ደለል በሚነሣበት ተዳፋት ላይ ቢያተኩር፣ ለደጋው አነስተኛ ይዞታ ከፍተኛውን ድርሻ መንግሥትና የታችኛው ተጠቃሚ ቢሸፍኑ፣ ግጦሹን ለከለለም ሣሩ ለአጨዳ እስኪደርስለት ድረስ የመኖ ማካካሻ ቢሰጠው ይበጃል። የክፍያው አንድ ሦስተኛም እርከኑ ሁለት ክረምት አልፎ ቆሞ ሲገኝ ብቻ ቢለቀቅ፣ ጥገናው ባለቤት አልባ ሆኖ አይቀርም። ከመስኖ ቦይ ውጪ በዝናብ የሚያርሰው የቆላ ገበሬ ግን ከአዋጪዎች ጋር መቆጠር የለበትም፤ እርጥበት በማሳው ላይ ለማቆየት እርሱም ድጋፍ ያሻዋል።

የሙዝ አምራቹ የገበያ ዋጋ መዋዠቅ እያንገላታው ሌላ መዋጮ ሊጫንበት አይገባም የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም፤ ተቃውሞው ክብደት አለው። ይሁን እንጂ መዋጮው ለቦይ ጠረጋ ከሚያወጣው ጉልበት በጥቂቱ ተነሥቶ፣ ደለሉ መቀነሱ በተግባር ሲታይ እያደገ የሚሄድ ሊሆን ይችላል። ይበልጥ የሚያሠጋው ገንዘቡ በመንገድ መቅረቱ ነው፤ ለዚህ በአዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት የሚደራጁት የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ከአባሎቻቸው ክፍያ የመሰብሰብ መብት ስላላቸው ሰብሳቢ መሆን ይችላሉ፤ ሒሳቡም በቢሮ ግድግዳ ላይ ከመለጠፍ አልፎ የጋሞ ሽማግሌዎች የጋራ ጉዳይ በሚመክሩበት በዱቡሻ አደባባይ በይፋ ቢነበብ የተሻለ ቁጥጥር ይኖረዋል። የደለሉን መጠን ለመለካትም በ1979 ዓ.ም. በውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት ሥራ የጀመረው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በደጃፍ ነው።

ለመጀመሪያው ሙከራ ከሐሬ የተሻለ ወንዝ አይገኝም፤ ደጋው በጨንቻ፣ ቆላው በአርባ ምንጭ ዙሪያ ወረዳ ያለ በመሆኑ ከፋዩም ተከፋዩም በአንድ ዞን አስተዳደር ሥር ናቸው። የወረዳዎቹ የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ሐምሌ 1 ቀን የበጀት ዓመቱ ከመጀመሩ በፊት የሚዘጋጅ ስለሆነም፣ የዞኑ ግብርና መምሪያ ሁለቱን ወረዳዎችና የመስኖ ማኅበራቱን በአንድ ጠረጴዛ ለማገናኘት ከዚያ በፊት ያለውን ጊዜ ቢጠቀምበት መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከአርባ ምንጭ